«በሴትነትሽ ነው ወይስ በጥቁርነትሽ?»

ስለ አሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አድልዎ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክርክር ለየብቻው ይካሄዳል። አንዱ የሴቶች ክርክር ነው፤ ሌላው የጥቁሮች። በመጀመሪያው መድረክ ላይ የሚታዩት በአመዛኙ ነጭ ሴቶች ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ላይ የሚታዩት በአመዛኙ ጥቁር ወንዶች ናቸው። ሁለቱም የሚሉት እውነት ስለሆነ ከማንኛቸውም ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ሴትም ጥቁርም የሆነችው ሠራተኛ በየትኛው መድረክ ላይ ትቁም? ካሊፎርኒያ ውስጥ በሶፍትዌር ሙያ ስሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ ከእኔው ጋር የዋለና ያደረ ስለሆነ ዛሬ በሰፊው ልጽፍበት ወደድሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከአገር ቤት መጀመር ያሻል። ምህንድስና ስማር ከስልሳ የሚበልጡ ተማሪዎች በነበሩበት ክፍል ውስጥ ሴቶቹ አምስት ነበርን። መንግሥት ለሴት ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ይፈቅድ ስለነበር፣ አምስታችንም በወንዶቹ ዘንድ የምንታወቀው «በአፈርማቲቭ የገቡት» በሚል ነበር። እኔ የወንዶቹን ነጥብ አልፌ የገባሁ መሆኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ብናገርም የሚያምነኝ አይኖርም ነበር። ቤተ ሙከራ ስንገባ ሽቦውን የሚያገናኙት፣ ኦሲሎስኮፑን የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው፤ ለእኔ «ያንቺ ጽሕፈት ያምራል» ተብሎ ሪፖርቱ ይሰጠኛል። ሌሎች የሠሩትን ሙከራ በሚያምር ጽሕፈት ስገለብጥ ሁለት ዓመት አለፈ። ሽቦ መያዝን የተማርሁት ወንዶቹ ወደ ካፌ ሲሄዱ፣ የላቦራቶሪውን ሠራተኛ «ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ» እያልሁ በመለመን ነው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ቁልፉን ይዘው በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር።

በዚያ ዘመን የሚደርስብኝ ነገር ስሙ አንድ ነበር፤ ሴትነት። ጥቁር መሆኔን አላውቅም ነበር። አገራችን ውስጥ ሰው ጠይም ይባላል፣ ቀይ ይባላል፣ ቀይ ዳማ ይባላል። ይህ ሲባል እኛ ዘንድ የቀለም ነገር ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም። ይሁን እንጂ ስድቡ ወደ እኔ ቤት የሚወረወር ስላልነበረ ሕመሙን ሳላውቀው አደግሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለሁለተኛ ዲግሪ አሜሪካ ስገባ ግን ጥቁርነት ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር አብሮ ተሰጠኝ። የዩኒቨርሲቲው ቅጽ ዘሬን ይጠይቃል፤ የሐኪሙም ይጠይቃል፤ የሥራ ማመልከቻውም ይጠይቃል። «ኢትዮጵያዊት» የሚል ሳጥን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሳን ሆዜ አካባቢ በሚገኝ አንድ ኩባንያ ተቀጠርሁ፤ ስሙ ይቅር። ሰማንያ ያህል መሐንዲሶች ባሉበት ክፍል ውስጥ ጥቁር ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማለዳ በሩን የሚጠብቀው ሰው ሐበሻ ሆኖ አገኘሁት። ፊቴን አየና በአማርኛ «እህቴ፣ የጽዳቶቹ መግቢያ በጓሮ በኩል ነው» አለኝ። በክፋት አልነበረም። በዚያ ሕንጻ ውስጥ መልካቸው እኔን የሚመስል ሴቶች በሙሉ የሚገቡት በጓሮ በኩል ስለነበር ሰውየው የተናገረው ያየውን ነው። መታወቂያዬን ሳሳየው ግንባሩን መታ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ኩባንያውን እስክለቅ ድረስ «ኢንጂነር፣ እንደምን አደርሽ» ሳይለኝ ያለፈበት ማለዳ ትዝ አይለኝም። እሱ በአንድ ደቂቃ ያረመውን ነገር፣ ውስጥ የተቀመጡት ባለ ዶክትሬቶች በሰባት ዓመት አላረሙትም።

ከደንበኛ ኩባንያ እንግዶች ሲመጡ ስብሰባውን የምመራው እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ጥያቄ የሚቀርበው ከጎኔ ለተቀመጠው፣ ሥራ ከጀመረ ሦስት ወር ላልሞላው ወጣት ነበር። ልጁ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ እመልሳለሁ፤ ቀጣዩ ጥያቄ እንደገና ወደ ልጁ ይሄዳል። በዕረፍቱ ሰዓት ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሴት ናት ልብ በሉ፣ ቡናው ማለቁን ነገረችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር መዘርዘር ቢፈለግ ጽሑፉ አያልቅም፤ በስብሰባ ላይ የተናገሩት ሐሳብ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በወንድ አፍ ሲደገም መደነቁን የማታውቅ ሠራተኛ ሴት ያለች አይመስለኝም። ስለዚህ እሱን አልፌ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በ2014 የአፈጻጸም ግምገማዬ ላይ «ድምፅዋ አይሰማም፤ በስብሰባ ላይ ራሷን ማሳየት ይገባታል» ተብሎ ተጻፈ። ምክሩን ተቀብዬ መናገር ጀመርሁ። የ2015ቱ ግምገማ «ቁጡ ናት፤ አብረዋት የሚሠሩት ሊቀርቧት ይቸገራሉ» የሚል ሆኖ መጣ። በሁለቱ መካከል የተናገርሁትን ቃል አሁንም አስታውሳለሁ፤ አንድ የመረጃ ቋት ከተወሰነ ጭነት በላይ እንደማይሸከም፣ ቁጥሩን በገበታ ላይ ጽፌ አስረድቼ ነበር። ጭነቱ ሲመጣ ቋቱ ወደቀ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ያነሣሁትም እኔ ነኝ። በ2016 ሥራውን እኔ ያስተማርሁት ባልደረባዬ በእኔ ላይ ሲሾም፣ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ እድገት ተከለከልሁ። ያን ጊዜ ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል አቤቱታ ጻፍሁ።

ያነጋገረችኝ ኃላፊ ጨዋ ሴት ነበረች። ውኃ ቀዳችልኝ፣ ጊዜ ወስዳ አዳመጠችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ አዙራ «በትክክል እንድመዘግበው፣ አድልዎ ደረሰብኝ የምትዪው በሴትነትሽ ነው ወይስ በጥቁርነትሽ?» አለችኝ። «በሁለቱም ይመስለኛል» አልሁ። «ለማጣራት እንዲመች ለየብቻው እናየዋለን» አለች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልሱ መጣ። በዚያ ዓመት ከክፍላችን ሁለት ሴቶች እድገት ስላገኙ የጾታ አድልዎ አልተገኘም። ከጎረቤት ክፍል አንድ ጥቁር ሠራተኛ እድገት ስላገኘ የዘር አድልዎም አልተገኘም። ሁለቱ ሴቶች ነጮች ነበሩ፤ ጥቁሩ ወንድ ነበር። እንደ መሐንዲስ አየሁት፤ ሒሳቡ ልክ ነው። መዝገቡም ተዘጋ።

ያን ሰሞን አንዲት የሕግ ባለሙያ ወዳጄ «ይህ ነገር እኮ አዲስ አይደለም» ብላ የነገረችኝን ታሪክ ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ኤማ ደግራፈንሬድና አራት ሌሎች ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው ከ1964 በፊት በዚያ ፋብሪካ ጥቁር ሴት ቀጥሮ አያውቅም ነበር። ኋላ የኢኮኖሚ ድቀት መጥቶ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ቅነሳው በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ስለነበር በመጨረሻ የገቡት በመጀመሪያ ወጡ፤ ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች በሙሉ ሥራቸውን አጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ኩባንያው ከ1964 በፊትም ሴቶችን ይቀጥር ስለነበር የጾታ አድልዎ የለም፤ የዘሩን ክስ በተመለከተ በዚያው ኩባንያ ላይ ከተመሠረተ ሌላ የዘር ክስ ጋር ይታይ፤ ሁለቱን አጣምሮ «ጥቁር ሴቶች» የሚባል የተለየ ወገን መፍጠር ግን አይቻልም። ከ1964 በፊት የተቀጠሩት ሴቶች ነጮች መሆናቸው ውጤቱን አልቀየረውም። አንባቢ ልብ ይበል፤ የእኔ መዝገብ የተዘጋው ይህ ውሳኔ ከተሰጠ ልክ በ40 ዓመቱ ነው።

ሕጉ እዚያው ቆሞ አልቀረም። በ1980 ከቴክሳስ የመጣ ሌላ ጉዳይ የተመለከተ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ጥቁር ሴት በጥቁር ወንዶችና በነጭ ሴቶች ላይ የማይደርስ አድልዎ ሊደርስባት እንደሚችል ተቀበለ። በ1989 ደግሞ ኪምበርሌ ክሬንሾ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት የሕግ ምሁር የእነ ደግራፈንሬድን ጉዳይ መነሻ አድርጋ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሁለቱ አድልዎዎች እንደ መስቀለኛ መንገድ የሚገናኙበት ቦታ መኖሩን አስረዳች። በመስቀለኛው መካከል የቆመ ሰው መኪና ሲገጨው፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ለይቶ ካልተናገረ አይታከምም ይባላል ወይ? የክሬንሾ ሐሳብ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደ ዳዊት ይደገማል፤ የሚያስገርመው ግን ኩባንያዎቹ የሚጠቀሙበት ቅጽ ጽሑፉን ያነበበ አለመምሰሉ ነው።

ለማግለል ሲፈለግ እኮ ሁለቱን ማጣመር ከቶ አያስቸግርም ነበር። «ኮምፒውተር» የሚለው ቃል የማሽን ስም ከመሆኑ በፊት የሰው የሥራ መደብ ነበር፤ ሒሳብ የሚያሰሉ ሰዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ በዚያ ይጠሩ ነበር። በቨርጂኒያ በሚገኘው የላንግሊ የበረራ ምርምር ማዕከል ከ1943 ጀምሮ ጥቁር ሴት የሒሳብ ባለሙያዎች ከነጮቹ ሴቶች ተለይተው በምዕራቡ ሕንጻ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ከ1949 ጀምሮ ዶሮቲ ቮን መርታቸዋለች፤ ኋላ ለጠፈር በረራ የሠራችው ካትሪን ጆንሰንም በዚያ በኩል ነው ያለፈችው። ክፍሉ የፈረሰው በ1958 ናሳ ሲቋቋም ነው። ለእነዚያ ሴቶች የተለየ ክፍል፣ የተለየ የምግብ ጠረጴዛ ለማዘጋጀት መንግሥት አላመነታም። ለይቶ ለመበደል የታወቀ ወገን፣ ለመዳኘት ሲሆን የማይታወቅበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ይህ አንዷን ለብቻ፣ ሌላዋን ለብቻ የማየት ልማድ በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በምንሠራቸው ማሽኖች ላይም ይታያል። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ ሦስት ኩባንያዎች የሚሸጧቸውን፣ ከፎቶግራፍ ጾታ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ፈተኑ። ለፈተናው ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የተወሰዱ 1,270 የምክር ቤት አባላት ፎቶግራፎችን ተጠቀሙ። ሶፍትዌሮቹ በጥቅሉ ሲታዩ ከ87 እስከ 94 ከመቶ ልክ ነበሩ፤ ደኅና ውጤት ነው። ፊቶቹ በጾታም በቆዳ ቀለምም በአንድ ጊዜ ሲከፈሉ ግን ሌላ ነገር ወጣ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 ከመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። ከሦስት ሴቶች አንዷን ወንድ ናት እንደማለት ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው ሠንጠረዡ በሁለት አቅጣጫ ስለተከፈለ ብቻ ነው። እነዚያ ሦስት ኩባንያዎች ይህን ማድረግ አቅቷቸው አይመስለኝም፤ የሚጠይቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ትምኒት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ በድንበሩ ጦርነት ዘመን ገና በጉርምስናዋ ተሰድዳ ኋላ አሜሪካ የገባች ናት። በ2017 ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከረድኤት አበበ ጋር ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን ማኅበር መሠረተች። በዲሴምበር 2020 ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ስለሚያስከትሉት ጉዳት በተጻፈ ጽሑፍ ምክንያት በተነሣ ክርክር ከጉግል ወጣች። እሷ ተባረርሁ አለች፤ ኩባንያው መልቀቂያዋን ተቀበልሁ አለ፤ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የኩባንያው ሠራተኞች ደግፈዋት ፈረሙ። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም ከፈተች። በወቅቱ ብዙ የሐበሻ ወንዶች መሐንዲሶች ነገሩን እንዴት እንደተረጎሙት በቅርብ ተከታትያለሁ። «ጥቁር ስለሆነች ነው» የሚሉ ነበሩ፤ «ጠባይዋ ነው» የሚሉም ነበሩ። «ቁጡ ናት» የሚለው ቃል እዚህም ተነሥቶ ሳየው አልደነቀኝም።

ኩባንያዎቹ ስለ ራሳቸው የሚያወጡትንም ቁጥር እንይ። ጉግል በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራተኞቹን ስብጥር ይፋ ሲያደርግ፣ በቴክኒክ ሥራ ላይ ካሉት 17 ከመቶ ሴቶች፣ 1 ከመቶ ጥቁሮች መሆናቸውን አስታወቀ። ከዚያ አንድ ከመቶ ውስጥ ስንቷ ሴት እንደነበረች ከሠንጠረዡ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ዘርንና ጾታን አጣምሮ ያሳየው በ2018 ነው። ቁጥሩ ደስ አያሰኝም ነበር፤ ቢሆንም የታወቀ ቁጥር ነው። በ2025 ነፋሱ ዞረ። በጃንዋሪ ሜታ የስብጥር ፕሮግራሞቹን እንደሚያቋርጥ ገለጸ፤ በፌብሩዋሪ ጉግል የቅጥር ግቦቹን ተወ። እነዚያ ፕሮግራሞች እምብዛም የጠቀሙኝ አይደሉም፤ ያተረፍሁት ነገር ቢኖር «ለስብጥር ተብላ የተቀጠረች» መባልን ነው፤ የድሮው «አፈርማቲቭ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መጣ እንጂ ሌላ አይደለም። የሚያሳስበኝ ቆጠራው ነው። ያልተቆጠረ ሰው ቢጎድል አይታወቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ወገኖቼን ቅር እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። በዚያ በ2016 ክረምት በአንድ ዘመድ ቤት ቡና ላይ ነገሩን ሳጫውት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የመጡ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ እነሱ የሚጠሉት ጥቁር አሜሪካኖቹን ነው፤ እኛን አይነኩንም። አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪ» አሉኝ። «ጋሼ፣ አለቃዬ ሲያየኝ የአድዋን ታሪክ አንብቦ አይደለም» አልሁ። ሳቁ፤ ነገር ግን አልተስማሙም። እዚህ አገር በሥራ ቦታ አድልዎን የሚከለክለው የ1964ቱ ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን በውሻ እየተነከሱ፣ በእስር እየማቀቁ በታገሉት ነው። በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን የቀድሞውን ኮታ ያስቀረው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። እኛ የገባንበትን በር የከፈቱልንን ሰዎች «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» ብሎ መሸሽ ለእኔ ነውር ነው። የእድሜ እኩዮቼ የሆኑት ወንዶች ደግሞ ዘረኝነትን እስከ ንጋት ያወራሉ፤ ጾታ ሲነሣ «እሱ የፈረንጅ ሴቶች ጣጣ ነው» ብለው ስልካቸውን ያነሣሉ። ሴቶቹስ? «ይህን ያህል ደመወዝ እየበላሽ!» ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ሌሊት በነርሲንግ ሆም የሰው አልጋ ሲያነጥፉ የሚያድሩ እህቶች ስለሆኑ መልስ አልሰጣቸውም።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ለምን ወዲያው አልለቀቅሽም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ነበርሁ። ቪዛው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው፤ ከሥራ የወጣ ሰው ሌላ አሠሪ እንዲፈልግ እስከ 60 ቀን የሚፈቅደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2017 ነው። ከዚያ በፊት በሕጉ ላይ ይህች ታህል ፋታ እንኳ አልነበረችም። ከደመወዜ ላይ ተቆርጦ እናቴ ቤት የሚደርስ ገንዘብ ነበረ፤ የታናሽ ወንድሜም ትምህርት በዚያው ላይ ነበር። ግሪን ካርዴ እስኪመጣ ቆየሁ። በ2018 መጣ፤ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቅሁ። አድልዎን አቤት ለማለት ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ አያስፈልግም፤ ሕጉ ባለ ቪዛውንም ይጠብቃል። ችግሩ ከሕጉ በፊት የቤት ኪራዩ መድረሱ ነው።

አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት እድገት በሚወስነው ጉባኤ ውስጥ እቀመጣለሁ። በየዓመቱ ዝርዝሩ ሲመጣ ሠንጠረዡ በዘርና በጾታ ተጣምሮ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱም «ቁጥሩ በጣም ትንሽ ስለሚሆን ትርጉም አይሰጥም» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረቡልኝ። በአንዱ ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር ሁለት ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ።

በቅርቡ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከሲያትል ደወለችልኝ። መጀመሪያ «እርስዎ» ስትለኝ «አንቺ በይኝ» ብያት ነው የተግባባነው። የእሷ ነገር ከእኔው እምብዛም አይለይም። የነገርኋት ይህን ነው፦ የሆነውን ሁሉ በዕለቱ፣ በራሷ ደብተር፣ ከነቀኑና ማን ክፍሉ ውስጥ እንደነበረ እንድትጽፍ፤ የግምገማዎቿ ቅጂ በእጇ መኖሩን እንድታረጋግጥ፤ የኩባንያውን ምርመራ ስትጠብቅ ቀኑ እንዳያልፍባት። ለፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ባላቸው ግዛቶች፣ ዋሽንግተንን ጨምሮ፣ እስከ 300 ቀን ይረዝማል። ቀኑን አብረን ቆጠርን፤ 41 ቀን ቀርቷት ነበር። በኮሚሽኑ ቅጽ ላይ ከአንድ በላይ ሳጥን መሙላት ይቻላል። ዘርም ጾታም ላይ ምልክት አድርጋ አስገባች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው።